ደጅ፣ ሜዳ፣ ገበያ፤ የሸዋ አደባባይ ከአንኮበር እስከ ዛሬ

በዛሬ ጊዜ አንድ ሾፌር መንገድ ለጠየቀው ሰው «አደባባዩን ዙረህ ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይለዋል። በዚህ አነጋገር አደባባይ ማለት መኪና የሚዞርበት ክብ ነው፤ በመካከሉ አንዳንድ ጊዜ ሣር፣ አንዳንድ ጊዜ ሐውልት ይኖርበታል፤ ሰው ግን አይቆምበትም። አባቶቻችን ቃሉን የሚያውቁት በሌላ ትርጕም ነበር። «አደባባይ ዋለ» ሲባል ሙግት ነበረበት ወይም ከመኳንንት ጋራ ተሰብስቦ ዋለ ማለት ነው። «አደባባይ ወጣ» ሲባል ተሰውሮ የነበረው ነገር በሰው ፊት ታየ ማለት ነው። «የአደባባይ ሰው» የሚባለውም መሟገት የሚያውቅ፣ በሰው ፊት ቆሞ የማይደናገጥ ነው። ቃሉ ከቆመ ሰው ወደሚዞር መኪና እንዴት እንደ ተሻገረ መመርመር የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

ጥያቄው የቋንቋ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አደባባዮች ለእግረኛ እንዲመቹ፣ ዛፍና ሣር እንዲኖርባቸው እየተባለ እንደ ገና ተሠርተዋል። የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በአማራ ክልል ከተሞችም፣ በደብረ ብርሃን ጭምር፣ ተጀምሯል። በዚህ ጕዳይ ላይ በሚደረገው ጭውውት አረንጓዴ አደባባይ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ አሳብ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። በበኩሌ የሸዋን ታሪክ የተመለከትን እንደ ሆነ ነገሩ አዲስ አይደለም እላለሁ። ይሁን እንጂ የቀድሞው አደባባይ ሣር ስለ ነበረበት ብቻ አደባባይ አልሆነም። ደጅ፣ ሜዳና ገበያ የምላቸው ሦስት ነገሮች ነበሩት፤ ዛሬ አደባባይ በሚታደስበት ጊዜ ከሦስቱ የትኛው እንደሚመለስና የትኛው እንደሚቀር መጠየቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

መነሻችን አንኮበር ናት። ከመንዝ ተነሥተው ግዛታቸውን ያሰፉት የሸዋ መሳፍንት ከአምኃ ኢየሱስ ዘመን ጀምሮ መቀመጫቸውን በዚህ ተራራ ላይ አደረጉ። ቦታው የተመረጠው ለጦር እንዲመች ነው። በስተ ምሥራቅ ገደሉ ወደ ቈላውና ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴም በዚያው በኩል ይወጣል። የንጉሡ ግቢ በሾጣጣው ኮረብታ ጫፍ ላይ ሆኖ በእንጨት አጥር ተደራርቦ ታጥሮ ነበር፤ የሕዝቡ ጎጆ ከሥሩ በዳገቱ ላይ ተበትኗል። እንዲህ ባለው ቦታ ሰፊ ሜዳ አይገኝም። ስለዚህ የአንኮበር አደባባይ ሜዳ ሳይሆን ደጅ ነበረ።

ደጅ ማለት የበሩ ፊት፣ ባለጕዳይ የሚቆምበት ስፍራ ነው። ደጅ መጥናት የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምናውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጥፎ ስሙ ነው። መኰንኑ ደጅ የሚጠናው ሹመት ፈልጎ ነው። ገበሬው ደጅ የሚጠናው መሬቱ ተወስዶበት ወይም ዳኛ አድልቶበት ነው። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ከጧት ጀምሮ ለመታየት ይቆማሉ። መታየቱ ራሱ ማመልከቻ ነበረ። ጽሕፈት በጥቂቶች እጅ በነበረበት ዘመን የሰው አካል በበሩ ፊት መቆሙ እንደ ደብዳቤ ይቈጠር ነበር፤ ቀኑ በረዘመ ቍጥር ደብዳቤው ይከብዳል። እንግዲህ ደጅ ያለ እግረኛ አይታሰብም። በበቅሎ የመጣ መኰንን እንኳ ከበቅሎው ወርዶ ይቆማል።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ. ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ራሳቸው ተቀምጠው ይግባኝ ይሰሙ እንደ ነበረ በዘመናቸው የመጡት የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1831 ዓ. ም. ሸዋ ገብቶ ቋንቋውን እየተማረ ተቀመጠ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ. ም. መጥቶ በኅዳር 1834 ዓ. ም. አንጎለላ ላይ ከንጉሡ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ንጉሡ በሚያልፉበት ሁሉ ከየአቅጣጫው «አቤት! አቤት!» የሚል ጩኸት ይሰማ እንደ ነበረ ከሐሪስ መጽሐፍ እንረዳለን። ሐሪስን ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የአገራችንን ሰው የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ አጻጻፉም ጌጥ ያበዛል። በዚያው ጊዜ ሸዋ የነበረው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በብዙ ነገር ከእርሱ ጋራ አይስማማም። የሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ በ1836 ዓ. ም.፣ ለንደን ላይ ስለ ታተሙ ማነጻጸር ለሚወድ ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ስለ «አቤት» ጩኸት ግን ሐሪስን የማንጠራጠርበት ምክንያት አለ፤ ልማዱ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በመላው አገራችን ስለ ነበረ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ፊት ወድቆ «አቤት» ያለውን ባለጕዳይ ያዩ ሽማግሌዎች ብዙዎች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ሜዳ ነው። አንኮበር የነፈገችውን ሜዳ ደብረ ብርሃንና አንጎለላ ሰጡ። ሣህለ ሥላሴ ዓመቱን በአንድ ቦታ አያሳልፉም ነበር፤ ከአንኮበር ወደ ደጋው ወጥተው ፈረስ በሚጋልብበት፣ ሣሩ በበዛበት አገር ይቀመጣሉ። በመስቀል ጊዜ ሠራዊቱ በየአለቃው ተሰልፎ በንጉሡ ፊት የሚያልፍበትን ታላቅ ሰልፍ ሐሪስ በደብረ ብርሃን እንዳየ ጽፏል። ሰልፍ የሚያየው ንጉሡ ብቻ አይደለም። ማን ስንት ፈረሰኛ እንዳመጣ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንዳለፈ፣ ማን እንደ ቀረ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በዚያ ሜዳ ነው። የግብር መዝገብና የፖለቲካ ጋዜጣ ሥራ በአንድ ቀን በሣር ላይ ይፈጸም ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበረችም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ በተባለበት በዚህ ቦታ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ በ1460 ዓ. ም. እስኪያርፉ ድረስ የዘመናቸውን መጨረሻ ዓመታት አብዛኛውን በዚያ አሳልፈዋል። ከእርሳቸው በፊትና በኋላ የነበሩት ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወሩ ስለ ነበሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዜና መዋዕላቸው የግቢውን አጥሮችና በሮች፣ ማን በየት በኩል እንደሚገባ በዝርዝር ይናገራል። ዘርዐ ያዕቆብ የሚታወቁት አጥር በማብዛት ነው፤ ሣህለ ሥላሴ በዚያው አገር የሚታወቁት በሜዳው ነው። ሁለቱን ዘመን አነጻጽሮ ማጥናት ለሌላ ጸሐፊ ይቈይ።

ሦስተኛው ገበያ ነው። የአንኮበር ዘመን ትልቁ ገበያ ያለው ከተራራው በታች በወይና ደጋው በዓልዩ አምባ ነበር። ጆንስተን በ1834 ዓ. ም. በዚህ ቦታ ተቀምጦ ስለ ነበረ ስለ ኑሮው ብዙ ጽፏል። የዓልዩ አምባ ነዋሪ አብዛኛው እስላም ነበር፤ ከሐረርና ከአፋር በኩል የሚመጣው ነጋዴ እዚያ ያርፋል። ከቈላው ጨው፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅ ይመጣል፤ ከደጋው እህልና የበግ ጠጕር ይወርዳል፤ ቡናም ያልፋል። አሞሌና ማርያ ትሬዛ ብር ጎን ለጎን ይመነዘራሉ። ንጉሡ ቀረጥ የሚያገኙበት ስለ ሆነ ገበያው በጥብቅ ይጠበቅ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ከዓልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባለው ገበያ የሚሸጠው ሰው ነበር። ስለ ቀድሞው አደባባይ ስንጽፍ ናፍቆት እንዳይዘን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ ሁሉም ሰው በእግሩ ይቆም ነበር፤ ሁሉም ግን በፈቃዱ አልቆመም።

እንግዲህ በአንኮበር ዘመን ደጁ በተራራው፣ ሜዳው በደጋው፣ ገበያው በቈላው አፋፍ ነበር። ሦስቱ የተገናኙት መንግሥቱ ወደ ደቡብ ሲወርድ ነው። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ. ም. ሸዋ ከተመለሱ በኋላ በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው በልቼ፣ በኋላም በእንጦጦ ተቀመጡ፤ በ1879 ዓ. ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች። በአዲሲቱ ከተማ ግቢው በአንድ ኮረብታ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሌላው ኮረብታ ሆነ፤ ከጊዮርጊስ በታች የአራዳ ገበያ ቆመ። በአራዳ እህልና ፈረስ፣ ማርና አቡጀዲ ይሸጣል፤ አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ ወንጀለኛ የሚሰቀልበት ዛፍም በዚያው ነበረ። የተቀጣውንም፣ የተሾመውንም፣ የከበረውንም ሕዝቡ የሚያየው ቅቤና በርበሬ ሊገዛ በመጣበት ስፍራ ነው። በሸዋ ታሪክ ደጅ፣ ሜዳና ገበያ እንደ አራዳ የተቀራረቡበት ሌላ ቦታ አላውቅም። የፈረስ ጕግሥና ጥምቀት የሚሆንበት ሰፊ ሜዳ ግን ለብቻው በጃን ሜዳ ቀረ።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ. ም. ነው። ለብዙ ጊዜ አውቶሞቢል የጥቂት ሰው መጫወቻ ስለ ነበረ አደባባዩን አልነካውም። ለውጡ የተጀመረው በሐውልት ነው ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል። በጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ. ም.፣ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ፣ የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልት በጊዮርጊስ ፊት ተመረቀ። ሐውልቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የተተከለው በአውሮፓ ልማድ፣ በመካከል ሆኖ ዙሪያው መንገድ እንዲሆን ነው። መካከሉ ለነሐስ ሲሰጥ ሕዝቡ ወደ ዳር ተገፋ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የኢጣልያ ወረራ ነገሩን በኀይል ፈጸመው። የወራሪው ፕላን ነጩንና አበሻውን በሰፈር የሚለይ ስለ ነበረ ያገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። አራዳም ፒያሳ ተባለ። ይህ ስያሜ ያስቃል፤ ፒያሳ በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው አደባባይነቱ በተወሰደበት ጊዜ ነው። የምኒልክ ሐውልትም ተነሣ፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገበያው ግን አልተመለሰም።

ከ1933 ዓ. ም. በኋላ የተሠሩት አደባባዮች ይህንኑ መልክ ያዙ። በዐራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት፣ በስድስት ኪሎ በ1947 ዓ. ም. የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፣ ሁለቱም በመኪና መዞሪያ መካከል ቆሙ። የስድስት ኪሎው የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ሥራ ነው፤ በየካቲት 1929 ዓ. ም. በግፍ የተገደሉት ሰዎች በዙሪያው ተቀርጸዋል። ቅርጹን ለማንበብ ሰው ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ መዞር አለበት። ለብዙ ዓመታት ግን በፍጥነት የዞረው ታክሲና አውቶቡስ ነበር፤ በአጠገቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ እንኳ ሐውልቱን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከማዶው መንገድ ሆኖ ነው። ሐውልት ለመጓጓዣ ቦታ የሚለቅበት ጊዜም መጣ፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር ሥራ በ2005 ዓ. ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ. ም. ተመለሰ። ሾፌሮቻችን «አደባባይ» የሚለውን ቃል ለመዞሪያው የሰጡት እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም። ያዩትን ጠሩ።

መስቀል አደባባይ ለብቻው ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ለሰልፍ እንዲመች ሰፋ። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኀይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ. ም. ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የሰበሩት በዚህ ነው። በአንድ በኩል ይህ የደብረ ብርሃን የመስቀል ሰልፍ ተከታይ ነው፤ መንግሥት ኀይሉን በሜዳ ያሳያል። ልዩነቱ በቀድሞው ሰልፍ ባላባቱ ራሱ የሚታይ ሲሆን፣ በኋለኛው ሕዝቡ ተሰልፎ የሚታየው አንድ ሰው መሆኑ ነው። በ1983 ዓ. ም. ስሙ ወደ መስቀል አደባባይ ተመለሰ። ደመራው በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ይበራል፤ ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ. ም. ጀምሮ ይሮጥበታል። ደረጃዎቹን ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ሯጮች ወሰዷቸው፤ ማለዳ ማለዳ ወጣቶች ከዳር እስከ ዳር በረድፍ ይመላለሱባቸው ነበር። ለሰልፍ ተመልካች የተሠራ ደረጃ የአትሌት መሠልጠኛ መሆኑ፣ ቦታ ክፍት ከሆነ ሕዝብ የራሱን ጥቅም እንደሚያገኝለት ያሳያል።

ከ2012 ዓ. ም. ጀምሮ አደባባዩ ተቈፍሮ እንደ ገና ተሠርቶ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ. ም. ተመረቀ። 1,400 ያህል መኪና የሚያቆም ስፍራ ከመሬት በታች ተሠራለት፤ ላዩ ለእግረኛ ተነጠፈ። መኪናውን ከሥር አውርዶ ሰውን ከላይ ማድረጉ ትክክለኛ አሳብ ነው። ይሁን እንጂ ከሣሩ ይልቅ ንጣፉ ይበዛል፤ በየካቲትና በመጋቢት በቀትር ለቆመ ሰው ጥላው ጥቂት ነው። ከዚህ ሥራ ይልቅ ለእኔ የበለጠ ትርጕም ያለው ብዙ ገንዘብ ያላስወጣው «መንገድ ለሰው» ነው። ይህ ሥራ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ. ም. ተጀምሮ፣ በወሩ አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ እንዲሄድባቸው፣ ልጆች እንዲጫወቱባቸው የሚያደርግ ነበር። በኮሎምቢያ የቦጎታ ከተማ ከ1967 ዓ. ም. ጀምሮ እንደዚህ ያለ ልማድ አላት። ገመድ ከመዘርጋት በቀር ምንም ሳይገነባ፣ ከጧት እስከ ቀትር አውራ ጎዳናው አደባባይ ይሆናል።

ከውጭ አገር ምሳሌ ካስፈለገ ለእኛ የሚቀርበው የአልባንያ ዋና ከተማ የቲራና እስካንደርቤግ አደባባይ ይመስለኛል። በዚያም ፕላኑን መጀመሪያ የነደፉት ኢጣልያኖች ናቸው፤ ከዚያ ኮሙኒስቶች የሰልፍና የሐውልት ሜዳ አደረጉት፤ ከዚያም መኪና የሚዞርበት ሆነ። በ2009 ዓ. ም. እንደ ገና ተሠርቶ ለእግረኛ ብቻ ሆነ፤ መኪና ማቆሚያው ከሥር ገባ፤ ዙሪያው በዛፍና በቍጥቋጦ ታጠረ፤ የተነጠፈው ድንጋይ ከልዩ ልዩ የአገሩ ክፍሎች መጣ። በማግሥቱ ዓመት የአውሮፓን የሕዝብ ስፍራ ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ከመስቀል አደባባይ ጋራ ደረጃ በደረጃ ስለሚመሳሰል መሐንዲሶቻችን ሊያጠኑት የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ለሦስቱ የሸዋ ነገሮች የመለስን እንደ ሆነ፣ በቲራናም በአዲስ አበባም የተመለሰው ሜዳው ነው። ገበያውና ደጁስ?

በገበያ በኩል ያየነው ነገር መልካም አይደለም። በ2012 ዓ. ም. በኮቪድ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ሜዳው በጭቃና በቆሻሻ ተበላሸ ተብሎ ብዙ ጩኸት ሆነ፤ ለ2013 ዓ. ም. ጥምቀት ሲባል ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ጸዳ። ያን ጊዜ ሰዎች የተከራከሩት ሜዳ ወይስ ገበያ በሚል ነው፤ ውኃ መውረጃና መጸዳጃ በበቂ ቢዘጋጅ ኖሮ ሁለቱ ይስማሙ እንደ ሆነ ብዙ አልተጠየቀም። በ2016 ዓ. ም. የኮሪደር ልማት በፒያሳ ሲጀመር ደግሞ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። መንገዱ ሰፍቷል፤ ለብስክሌትና ለእግረኛ ቦታ ተሰጥቷል፤ ማታ በመብራት ያምራል። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ጉልት ተቀምጣ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው በአዲሱ ንጣፍ ላይ የተመለከተላቸው ስፍራ የለም። የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ በእግሩ የሚኖረው ሰው ከተነሣ፣ የኢጣልያው ፕላን በአራዳ ገበያ ላይ ካደረገው በምን እንደሚለይ ሊመረመር ይገባዋል። አሳቡ አንድ ነው አላልሁም፤ ያኛው በዘር የለየ ወራሪ ነው። ባለጉልቷ ግን በሁለቱም ጊዜ ቦታዋን ለቅቃለች።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ዕድል የተለያየው በመንገድ ነው። ወራሪው በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ሲሠራ በደብረ ብርሃን አሳልፎ ጣርማበርን በዋሻ በሳው። ደብረ ብርሃን በመንገዱ ላይ ረዘመች፤ ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትገኘው አንኮበር በትንሽነቷ ቀረች። የአንኮበርን ግቢ ኮረብታ ለማየት የሚሄድ ሰው ዛሬም የመጨረሻውን ዳገት በእግሩ ይወጣል፤ ያለ ማንም ፕላን የእግረኛ ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ደብረ ብርሃን ግን ሁሉን ነገር ከመኪና ጋራ አገኘች፤ በ1957 ዓ. ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካውን፣ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲውን፣ የቢራ ፋብሪካዎቹን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩን። በ1999 ዓ. ም. ቈጠራ ሕዝቧ 65,231 ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእጅጉ ጨምሯል፤ ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮም ከየቦታው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ተጠግተውባታል። በዋናው መንገድ ላይ ወደ ሰሜን የሚወርደው የጭነት መኪና፣ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ኩበት የተጫነች አህያና ገበያተኛው በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ።

በእንዲህ ያለ ከተማ አደባባይ ሲታደስ ከአዲስ አበባ ፕላን መገልበጥ አይበቃም። ገበያ ቀን ከመንዝና ከጠራ የሚመጣው ገበሬ በግና ገብስ፣ ባቄላና ባና ይዞ የሚመጣው ከነአህያው ነው። ለአህያ ማሰሪያና ማጠጫ የሌለው አደባባይ ለእርሱ አልተሠራም። ይህን ስል የሚስቅ ተማሪ ይኖራል፤ ግን ለ1,400 መኪና ከመሬት በታች ማደሪያ የቈፈረ አገር ለመቶ አህያ ከመሬት በላይ ጥላ ማቆም አያቅተውም።

ደጁም ቢሆን አልጠፋም፤ ሰው ስለማያየው ነው እንጂ። በማናቸውም የወረዳ ከተማ በፍርድ ቤቱና በመስተዳድሩ በር ፊት ጧት ጧት የሚቆመውን ሰው ማየት ይበቃል። ማመልከቻ ጸሐፊው በዣንጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ከሩቅ ገጠር የመጣው ባለጕዳይ በነጠላው ራሱን ሸፍኖ በድንጋይ ላይ ይጠብቃል፤ ቀጠሮው ወደ ከሰዓት በኋላ ከተዛወረ እዚያው ይውላል። ይህ ሰው የአንኮበሩ ደጅ ጠኚ ልጅ ነው። መቀመጫ፣ ጥላ፣ የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እርሱ ነው፤ በየከተማው የአረንጓዴ ስፍራ ሲመረጥ ግን የሚመረጠው አውራ ጎዳናው ዳር፣ እንግዳ በሚያልፍበት ነው። ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ የደብረ ብርሃን የመጀመሪያው የሣር ሜዳ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ይሆን ነበር።

ስለ ዛፉ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ይነገራል። እንግዲህ ይህ አገር ለሌላው ዛፍ የሰጠ ነው፤ ለአደባባዩ ከሌላ መለመን የለበትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት አመዳይ ይወርድባታል፤ ገበሬው ውርጭ መታኝ የሚለው ይህን ነው። ከሞቃት አገር የመጣ ዘንባባና ለስላሳ አበባ በመጀመሪያው በጋ ይጠወልጋል፤ የከተማው ገንዘብም አብሮ ይደርቃል። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ብርዱን ያውቁታል፤ የሚያድጉት ግን ቀስ ብለው ነው። በሰኔ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ የመጀመሪያው ውርጭ እስኪደርስበት ያለው አምስት ወር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ የንጣፉ ሥራ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ከድንጋዩ በፊት ዛፉ መሬት መግባት አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎችም ሌሊት ሌሊት በጭድ ወይም በኬሻ የሚሸፍነው ዘበኛ ያስፈልገዋል።